ማኅበራዊ ሚዲያን ከኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ጋር ማዋሐድ፦ ለቀጣናው ቋንቋዎች ያለው ፋይዳና ወሰኑ

አጠቃሎ

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ታዋቂ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናዎች ማኅበራዊ ሚዲያን የራሳቸው አካል ለማድረግ ሞክረዋል፤ ሙከራው ግን አሥር ዓመት ሳይሞላው ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ ሙከራው ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ምን ፋይዳ እንደነበረውና ምን ችግር እንደገለጠ ያብራራል። ዋና ነጥቡ የሚከተለው ነው፦ የውሕደቱ ትልቁ ጥቅም መልእክት የሚጻፍበትን ቦታ ከሥርዓተ ክወናው የጽሑፍ አገልግሎት ጋር ማገናኘቱ ነው። በዚህ ምክንያት ለአንድ ቋንቋ አንድ ጊዜ የተሠራ ሥራ በሁሉም ቦታ ያገለግላል። በአንጻሩ ለአንድ ቋንቋ የተሳሳተ ግምትም በሁሉም ቦታ ይሳሳታል። ስም፣ የማሳወቂያ ሰዋስው፣ ሰዓትና የፊደል ቆጠራ በምሳሌነት ቀርበዋል።

1. መነሻ

አንድ ሰው በኮምፒውተር ላይ ለወዳጆቹ አጭር መልእክት ሲጽፍ ሁለት ወገኖች በመካከል ይገባሉ። አንደኛው መልእክቱን የሚያደርሰው ማኅበራዊ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው የቁልፉን ንክኪ ወደ ፊደል የሚለውጠው፣ ፊደሉን በመስኮት ላይ የሚሥለው፣ ስሕተቱን የሚያሰምርበትና ቀኑን የሚጽፈው ሥርዓተ ክወና ነው። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ቋንቋ የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው እንደ ቤት መሠረት ከመሬት በታች ስለሚሆን፣ ካልተሰነጠቀ በቀር ማንም አያየውም።

ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ መሠረቱ ስለማይሰነጠቅ ልዩነቱ አይታወቀውም። ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለብሊን ወይም ለጉራጊኛ ጸሐፊ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የራሱን ፊደል መጻፍ ከተቸገረ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ በላቲን የጻፈውን ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው የአንድ መልእክት መልክ ብቻ አይደለም። የቋንቋው ዕለታዊ ጽሑፍ ለመፈለግ፣ ለማጥናትና መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት የማይመች ይሆናል። ስለዚህ የውሕደት ጥያቄ ለቋንቋ ባለሙያ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

2. የሙከራው አጭር ታሪክ

በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ኡቡንቱ 10.04 በመስኮቱ የላይኛው ረድፍ ላይ በተጠቃሚው ስም የሚጠራ ምናሌ ነበረው። ተጠቃሚው አሳሽ ሳይከፍት በምናሌው ውስጥ ባለ አንድ መስመር ሳጥን ጽፎ ወደ ትዊተርና ወደ ሌሎች አገልግሎቶች መላክ ይችል ነበር። መልእክቱን የሚያደርሰው ጒይበር የተባለው ፕሮግራም ነው። ምናሌው በቀጣዮቹ ስሪቶች ቀርቷል።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ኦኤስ ኤክስ ማውንቴን ላየን ትዊተርን ከሥርዓቱ ጋር አዋሐደ፤ በዚያው ዓመት ፌስቡክን ጨመረ። ተጠቃሚው የመለያውን የይለፍ ቃል አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ቅንብር ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ የማጋሪያ ቁልፍ ባለበት መተግበሪያ ሁሉ ማጋራት ይችላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ «ፒፕል» በተባለ መተግበሪያ የኢሜይል፣ የፌስቡክና የትዊተር ዕውቂያዎችን በአንድ መዝገብ አሰባሰበ።

መጨረሻቸው ተመሳሳይ ነው። ፌስቡክ ለውጭ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን መዳረሻ ሲያጠብ የዊንዶውስ ትስስር እ.ኤ.አ. በ2015 ተቋረጠ። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ማክኦኤስ ሞሃቬ የማኅበራዊ መለያዎችን ከሥርዓቱ ቅንብር አስወገደ። የማጋሪያ ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አሁን የሚሠራው እያንዳንዱ መተግበሪያ በሚያቀርበው ማስፋፊያ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት በሁለት ድርጅቶች ስምምነት ላይ የቆመ ነገር ስምምነቱ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ ነው። ከስምምነቱ በታች ያለው የጽሑፍ አገልግሎት ግን አልጠፋም። ቀጥሎ የሚታየው ይህ ነው።

3. የጽሑፍ አገልግሎት፦ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉም

የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ሶፍትዌር የራሱ የቁጥር ሥርዓት ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በ2005 የወጣው 4.1 ስሪት ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለምዕንና ለብሊን የሚያስፈልጉ ፊደላትን ጨመረ። በ2010 የወጣው 6.0 ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑትን፣ በ2021 የወጣው 14.0 ደግሞ ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚሆኑ ተጨማሪ ፊደላትን አስገባ።

ዩኒኮድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ፊደሉን አይሥልም፤ ቁልፍም አይመድብም። ይህን የሚያደርገው ሥርዓተ ክወናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድን ይዞ መጣ። ተጠቃሚው ከሌላ ቦታ ፎንት ሳይጭን በማንኛውም የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ አማርኛ መጻፍና ማንበብ የሚችልበት በር በዚህ ተከፈተ። በሊኑክስ በኩልም በ1990ዎቹ በተዘጋጀው «ሴራ» በተባለው የፊደል ልወጣ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ በነጻ ይገኛል።

የውሕደቱ ዋጋ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የማጋሪያው ሳጥን የሥርዓተ ክወናው ሳጥን ከሆነ ኪቦርዱን፣ ፎንቱንና የሆሄያት ማረሚያውን ያለ ተጨማሪ ሥራ ይወርሳል። መተግበሪያው ጽሑፉን በራሱ መንገድ የሚሥል ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ማሰብ አለበት። ጥቂት ተናጋሪ ላለው ቋንቋ ይህን የሚያስብ ድርጅት ማግኘት ከባድ ነው። ለብሊን ወይም ለባስኬቶ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ለአሥር መተግበሪያዎች አሥር ጊዜ መድከም አይችሉም፤ ለአንድ የጋራ ሽፋን አንድ ጊዜ መድከም ግን ይችላሉ።

የሆሄያት ማረሚያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአፕል ኮምፒውተር ላይ ሀንስፔል በተባለው ነጻ ሥርዓት የተዘጋጀ የቃላት ፋይል በተወሰነው አቃፊ ውስጥ ሲቀመጥ የሥርዓቱን ማረሚያ በሚጠቀሙ መተግበሪያዎች ሁሉ ይሠራል። በውሕደቱ ዘመን ይህ የማጋሪያውንም ሳጥን ይጨምር ነበር። ነገር ግን ሀንስፔል በመጀመሪያ ለሀንጋሪኛ የተሠራ ነው፤ የሚያውቀውም በዋናነት በግንድ ላይ ቅጥያ መቀጠልን ነው። «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ሰባበረ»፣ «ስብራት» በሚሉት ቃላት ውስጥ ግን ሥሩ አንድ ሲሆን የሚለዋወጠው የፊደሉ ራብዕ፣ ሳድስ ወይም ግዕዝ መሆን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የግንድ ቅርጽ ለብቻው መመዝገብ ይኖርበታል። በኪስዋሂሊ ደግሞ ግሡ ከፊቱ ብዙ ቅድመ ቅጥያዎችን ይደራርባል፤ ሥርዓቱ በቅጥያ መደራረብ ላይ ያለው ወሰን በዚያ በኩል ይታያል። መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ቢሆንም ቅርጹ ለአንድ ዓይነት ሥነ ምዕላድ የተቀረጸ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

4. ስም

ውሕደቱ ከጽሑፍ አልፎ ሰዎችንም ያዋሕዳል። የዊንዶውስ 8 የዕውቂያ መዝገብ ከተለያዩ አገልግሎቶች የመጡ ተመሳሳይ ስሞችን አንድ ሰው ናቸው ብሎ ያገናኝ ነበር። ይህ አሠራር ስም በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፋል ከሚል ግምት ይነሣል።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም እንመልከት። በአማርኛ ጸና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ ባለ ሦስት ፊደል ስም ንባቡ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ዓለምፀሐይ» ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ 48 ይደርሳል። የላቲኑ አጻጻፍ ሲጨመር የበለጠ ይበዛል። በሥርዓቱ ዐይን እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መቁጠር። ይሁንና ሥርዓተ ክወናው የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ እንዲሁም አና ዐ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ግዕዙ ሀና ራብዑ ሃም ይለያያሉ። አንድ የሚሆኑት ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ናቸው፤ የኋለኞቹም በትግራይና በኤርትራ የአጻጻፍ ልማድ ይለያያሉ። ለአማርኛ የሚጠቅመው ደንብ በፊደሉ ላይ በጅምላ ቢጫን ለትግርኛ ጉዳት ይሆናል። ደንቡ የቋንቋ እንጂ የፊደል መሆን የለበትም። ይህን ልዩነት ለሶፍትዌር ሠሪዎች በጽሑፍ ማቅረብ የሚችለው የቋንቋ ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው የስም ችግር የቅደም ተከተል ነው። የዕውቂያ መዝገቦች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሏቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚደረድሩት በሁለተኛው ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። «አልማዝ በቀለ» በ«በ» ሥር ከተቀመጠች የተመዘገበችው በአባቷ ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚፈልጋት የለም። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ስለዚህ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በሁለተኛው ሳጥን አይገናኙም። በሶማሊኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሰው በሦስት ስም ይጠራል፤ ከዚያም በላይ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በቅጽል ስሙ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ የቀጣናው ተወላጆች ቅጽ ሲሞሉ የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ለመመዝገብ ይገደዳሉ፤ በዚህ የተነሣ አንድ ሰው በአገር ቤት ዘመዶቹ መዝገብና በራሱ ሰነድ ውስጥ በተለያየ ስም ይገኛል። ሥርዓተ ክወናው ዝምድናን ከሁለተኛው ሳጥን ለመገመት ቢሞክር የሚሳሳተው በአንድ ሰው ላይ አይደለም፤ በመላው የስም ሥርዓት ላይ ነው።

5. የማሳወቂያ ሰዋስው

የተዋሐደ ማኅበራዊ ሚዲያ ለተጠቃሚው የሚናገረው በማሳወቂያ ነው። ማሳወቂያ ባዶ ቦታ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፤ በባዶው ቦታ ስም ወይም ቁጥር ይገባል። እንግሊዝኛ ግሡ ከባለቤቱ ጋር በጾታ ስለማይስማማ አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ይበቃዋል። በአማርኛ ግን «እገሌ ፎቶህን ወደደ» ለማለት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ የወደደው ሰው ጾታና የባለ ፎቶው ጾታ። ከዚህ ላይ የአክብሮት ደረጃ ሲታከል «ወደደ፣ ወደደች፣ ወደዱ» ከ«ፎቶህን፣ ፎቶሽን፣ ፎቶዎን» ጋር ተባዝተው 9 ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ።

ለተርጓሚው ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁሉንም በወንድ አንቀጽ መጻፍ ነው፤ ይህ አጭር ቢሆንም ለሴት ተጠቃሚ ዘወትር ስሕተት ነው። ሁለተኛው በአክብሮት መልክ መጻፍ ነው፦ «አልማዝ ፎቶዎን ወደዱ»። በአማርኛ የአክብሮት መልክ ጾታ ስለማይለይ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለውም፤ ሆኖም የ15 ዓመት ልጅ ለክፍል ጓደኛው የማይናገረው አነጋገር ነው። ሦስተኛው ግሡን ትቶ በስም ሐረግ መጻፍ ነው፦ «ከአልማዝ አዲስ መልእክት»። ይህ ከሁሉ የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን በየማሳወቂያው ሲደጋገም ቋንቋው ግስ እንደሌለው ያህል የደረቀ ይሆናል።

የሁለተኛው መንገድ ወሰን ከጎረቤት ቋንቋ ጋር ሲነጻጸር በደንብ ይታያል። በትግርኛ የአክብሮት መልክ ራሱ ጾታ ይለያል፤ «ንሶም» ለወንድ፣ «ንሰን» ለሴት ይነገራል። ስለዚህ ከአማርኛ ትርጕም የተቀዳ የትግርኛ ማሳወቂያ ችግሩን ይዞት ይመጣል እንጂ አይፈታውም። በኦሮምኛና በሶማሊኛም የሦስተኛ መደብ ነጠላ ግስ ጾታ ይለያል። በኪስዋሂሊ ግን ሰው የሚገባበት የስም ምድብ ወንድና ሴትን አይለይም፤ «አሜፔንዳ» የሚለው ቃል «ወደደ»ንም «ወደደች»ንም ይሸፍናል። በአንድ ቀጣና ውስጥ ያሉ ቋንቋዎች ለአንዱ ማሳወቂያ የሚያስፈልጋቸው መረጃ ይህን ያህል ይለያያል።

ቁጥርም የራሱ ጣጣ አለው። የቋንቋ ውሂብ ማከማቻ የሆነው የዩኒኮድ ሲኤልዲአር ለአማርኛ ሁለት የቁጥር ምድብ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ውስጥ 0 እና 1 አብረው ይገባሉ። ተርጓሚ ይህን ሳያውቅ በመጀመሪያው ምድብ «አንድ መልእክት» ብሎ በቃል ቢጽፍ ምንም ያልደረሰው ሰው አንድ እንደደረሰው ይነገረዋል። በቦታው ቁጥሩን ራሱን ማስቀመጥ ይገባል። ከ1 በላይ ለሆነው ደግሞ «5 መልእክት»ም «5 መልእክቶች»ም ይባላል፤ አማርኛ ከቁጥር በኋላ የብዙ ቁጥር ምዕላድን ግዴታ አያደርግም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነጥብ ይህ ነው። ማሳወቂያው በአንድ አገልግሎት ውስጥ ብቻ ሳለ አገልግሎቱ የተጠቃሚውን ጾታ ከመዝገቡ ሊያውቅ ይችላል። ወደ ሥርዓተ ክወናው ሲሻገር ግን አብሮት የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ነው። ውሕደቱ ሰዋስው የሚያስፈልገውን መረጃ በድንበር ላይ ሊያስቀር ይችላል። መረጃው እንዲሻገር መጠየቅም የራሱ ዋጋ አለው፤ ጾታን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም መግለጥ የማይፈልግ ሰው ይኖራልና።

6. ሰዓት

በኢትዮጵያ «በ2 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ጠዋት 8፡00 ወይም ማታ 20፡00 ማለት ነው። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ልማድ አይደለም። በኪስዋሂሊም «ሳአ ምቢሊ» በጥሬው ሁለት ሰዓት ሲሆን ጠዋት ሲነገር 8፡00ን ያመለክታል። ቀኑ ከፀሐይ መውጫ ይጀምራል፤ ልዩነቱም በሁለቱም ዘንድ 6 ሰዓት ነው።

ሲኤልዲአር የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ያውቃል፤ ወራቱን፣ ጳጉሜንና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይችላል። የአማርኛው የሰዓት አጻጻፍ ግን በዓለም አቀፉ ቆጠራ ላይ የቆመ ነው። በመልእክት ውስጥ የተጠቀሰን ሰዓት ወደ ቀጠሮ መዝገብ የሚወስድ የተዋሐደ ሥርዓት «በ8 ሰዓት» የሚለውን እንዳለ ቢያነብ ቀጠሮው በ6 ሰዓት ይዛባል፤ ከቀትር በኋላ የታሰበው ስብሰባ ጠዋት ይሆናል። ጉዳዩን የሚያከብደው ብዙ ከተሜዎች ሁለቱን አቆጣጠር እያፈራረቁ መጠቀማቸው ነው፤ የአውሮፕላን ጉዞ በአንዱ፣ የሠርግ ጥሪ በሌላው ይነገራል። ስለዚህ ቋሚ የቅንብር ምርጫ ብቻ አይበቃም። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት ከቁጥሩ ጋር አብረው ሲነበቡ ብቻ የታሰበው አቆጣጠር ሊታወቅ ይችላል፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» የሚል ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተናገረ ግልጽ ነው። ይህ የቋንቋ ጥናት ጥያቄ ነው፤ በአማርኛና በኪስዋሂሊ ጎን ለጎን ሊጠና ይገባዋል።

7. የፊደል ቆጠራ

በማውንቴን ላየን የትዊተር ሳጥን ሥር ስንት ፊደል እንደቀረ የሚያሳይ ቁጥር ነበር። በዚያን ጊዜ ወሰኑ 140 ሆኖ የላቲኑም የግዕዙም ፊደል እኩል ይቆጠር ነበር። አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ አማርኛ ጸሐፊ በ140 ፊደል ብዙ መናገር ይችል ነበር። «ነገ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር 17 ፊደልና 4 ክፍተት፣ በድምሩ 21 ነው። በተለመደው የላቲን አጻጻፍ ሲጻፍ 30 ፊደልና 4 ክፍተት፣ በድምሩ 34 ይሆናል። በራስ ፊደል መጻፍ ግልጽ ጥቅም ነበረው።

ትዊተር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ወሰኑን ወደ 280 ሲያሳድግ በጃፓንኛ፣ በቻይንኛና በኮሪያኛ አጭር ጽሑፍ ብዙ ስለሚይዝ ለእነርሱ ጭማሪው እንደማያስፈልግ ገለጸ። አፈጻጸሙ ግን በቋንቋ ሳይሆን በቁጥር ነበር። ከጥቂት የሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች በቀር የዩኒኮድ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 4351 ያሉት ፊደላት እንደ 1፣ ከዚያ በላይ ያሉት እንደ 2 ይቆጠራሉ። በ4351 የሚያበቃው የጆርጂያ ፊደል ምድብ ነው፤ ቀጥሎ የሀንጉል ፊደል ክፍልፋዮች ይመጣሉ፤ ከእነርሱ በኋላ በ4608 የኢትዮጵያ ፊደል ይጀምራል። በዚህ አሰላለፍ የግዕዝ ፊደል ከምሥራቅ እስያ ጽሕፈቶች ጋር ተመደበ። ክመርና ቸሮኪም እንዲሁ ሆኑ።

ከላይ የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር በአዲሱ ቆጠራ 17 ፊደሉ በ2 ተባዝቶ ከ4 ክፍተት ጋር 38 ይሆናል፤ በላቲን የተጻፈው 34 እንደሆነ ይቀራል። ሁለት ነጥብ እንደ ክፍተት ለሚጠቀም ሰው 42 ይደርሳል፤ የአራት ነጥብም ዋጋ ከላቲኑ ነጥብ እጥፍ ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ የተሰጠው ቦታ በተግባር በ140 ፊደል ላይ ቀረ፤ ቀድሞ በራሱ ፊደል ሲጽፍ የነበረው ብልጫም ወደ ጉድለት ተለወጠ። የልዩነቱ መጠን ትልቅ አይደለም። አቅጣጫው ግን ትርጕም አለው፦ ሰው በላቲን ፊደል ቢጽፍ ቦታ ያተርፋል። የግዕዝ ፊደል ቀለማዊ እንጂ እንደ ቻይንኛው ቃላዊ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ምደባ በአንድ ገጽ ማስረጃ ሊያርመው ይችል ነበር።

በ2021 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ተጨማሪ ችግር አለባቸው። ቁጥራቸው ከ65535 በላይ ስለሆነ ጽሑፍን በ16 ቢት የሚያከማቹ ሥርዓቶች እያንዳንዱን እንደ ሁለት አሐድ ይይዙታል። አሐድን እንደ ፊደል የሚቆጥር ፕሮግራም አንዱን ፊደል ከመካከሉ ሊቆርጠው ይችላል። የማጋሪያው ሳጥን የሥርዓተ ክወናው ሲሆን ይህ ስሕተት አንድ ቦታ ታርሞ ያበቃል፤ በየመተግበሪያው ሲሆን ግን በየቦታው መታረም አለበት።

8. የጋራ ኮምፒውተር

የውሕደቱ ሐሳብ አንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነው። በቀጣናው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በቢሮ፣ በቤተ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ቤት አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። መለያ በአሳሽ ውስጥ ሲሆን መውጫው በገጹ ላይ ይታያል። በሥርዓቱ ቅንብር ውስጥ ሲሆን ግን መስኮቱ ቢዘጋም መለያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው በሌላው ስም ሊጽፍ ይችላል። የበይነ ገጹ ቋንቋ ተጠቃሚው የማያውቀው ሲሆን አደጋው ይጨምራል፤ የት እንደገባ ያላነበበ ሰው እንዴት እንደሚወጣም አያነብም። የሰላምታ ማሳወቂያ ከመተርጐሙ በፊት የመለያ መውጫና የፈቃድ መጠየቂያ ቃላት ሊተረጐሙ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

እርግጥ በቀጣናው አብዛኛው ሰው ማኅበራዊ ሚዲያን የሚያገኘው በስልክ ነው። ይሁንና ረጅም ጽሑፍ የሚዘጋጀው፣ ጋዜጣ የሚታረመው፣ መዝገበ ቃላት የሚጠናቀረው በኮምፒውተር ላይ ነው። የቋንቋ ውሂቡም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ለሲኤልዲአር የቀረበ የወር ስም በስልክም በኮምፒውተርም ያገለግላል።

9. መደምደሚያ

ማኅበራዊ ሚዲያን ከሥርዓተ ክወና ጋር የማዋሐድ ሙከራ እንደ ንግድ ውል አልቋል። እንደ ቋንቋ ትምህርት ግን አላለቀም። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይመጣሉ፦ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ የጋራ ሽፋን ላይ መቆማቸው። ሽፋኑ ቋንቋውን ካወቀ ሁሉም ያውቁታል፤ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታሉ።

ለቀጣናው የቋንቋ ባለሙያዎች ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ድካም በአንድ ድርጅት ሳጥን ላይ ሳይሆን ለሁሉም ክፍት በሆነው ሽፋን ላይ ሊውል ይገባል፤ በኪቦርድ፣ በቃላት ፋይልና በሲኤልዲአር ውሂብ ላይ የዋለ ሥራ ድርጅቶች ውል ሲያፈርሱ አይፈርስም። ሁለተኛ፣ በአንድ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች አንድ ደንብ እንደማይበቃቸው አማርኛና ትግርኛን በማነጻጸር በማስረጃ መቅረብ አለበት። ሦስተኛ፣ የስም አሰያየም፣ የግስ ስምምነትና የሰዓት አቆጣጠር ለሶፍትዌር ሠሪ በሚገባ መልክ፣ በአጭር ሰንጠረዥና በምሳሌ ሊጻፉ ይገባል። በሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ የማሳወቂያ ዐረፍተ ነገር የሚጽፈው ሰው እነዚያን መጻሕፍት አይከፍትምና።

የ4351ኛው ቁጥር ምሳሌ የሥራውን መጠን ያሳያል። በዚያ መስመር ላይ ስለ ግዕዝ ፊደል መታወቅ የነበረበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ሁሉ የታወቀ ነው።